የሰርቨር ቅርንጫፉን ያጥፉ

ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ
ኅዳር 18 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለልጄ ለዳግማዊ ገብረሥላሴ
ናይሮቢ

የምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ፣ ምን በላህ፣ ብርዱስ እንዴት ነው የሚለውን እናትህ እሑድ እሑድ በስልክ ስለምትጨርሰው እኔ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ። ተናድጃለሁ። ይበርድልኛል ብዬ ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ፤ አልበረደልኝም። በስልክ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱንም ጊዜ «እሺ አባባ» ብለህ አሰናበትከኝ። ደብዳቤ እሺ ተብሎ አይዘጋም። ኤልያስ፣ የጎረቤታችን ልጅ፣ ሐሙስ ወደዚያ ስለሚመጣ በእጅህ ይሰጥሃል። ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ከዙህራ ልጀምር። አንተ ስትሄድ ወንበርህን የተረከበችው ዙህራ፣ እኔም ዘጠነኛ ክፍል አማርኛ ያስተማርኳት የአሰንዳቦ ልጅ፣ ጥቅምት 24 ቀን ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ በራችንን አንኳኳች። የብስኩት ካርቶን ታቅፋለች። ካርቶኑ ውስጥ ኩባያዋ፣ የግድግዳ ካላንደር፣ ቢሮ የምታደርገው ነጠላ ጫማና ያንተ መመሪያ አሉ። ያ ከመሄድህ በፊት ለሥራ ባልደረቦችህ በአማርኛ የጻፍከው፣ ሽፋኑ ላይ «አዘጋጅ፦ ዳግማዊ ገብረሥላሴ» የሚል አርባ ገጽ።

«ቲቸር፣ አሰናበቱኝ» አለች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

እናትህ እጇን ይዛ አስቀመጠቻት። እኔ ደብዳቤውን ተቀብዬ አነበብኩ። «በፈጸሙት ከባድ ቸልተኝነት የአምስት ወር ሥራ ከሰርቨር ላይ ስለጠፋ ከኅዳር 1 ቀን ጀምሮ ከሥራ የተሰናበቱ መሆኑን እናስታውቃለን» ይላል። ከሥሩ የኃላፊያችሁ የአቶ ደበበ ፊርማና ክብ ማኅተም።

የጠፋው የገመቹ ሥራ ነው። በየማጠቢያ ጣቢያው የሚገባውን ቡና ጥራት የሚመዘግበውን ፕሮግራማችሁን ገመቹ አምስት ወር ሙሉ ወደ አፋን ኦሮሞ ሲመልሰው ነበር፤ መዝጋቢዎቹ በሚናገሩበት ቋንቋ እንዲሠሩበት። እናንተ እንዲህ ለብቻው የሚሠራን ሥራ ቅርንጫፍ ትሉታላችሁ። ዋናውን ሳይነካ ለብቻው ያድግና ሲያልቅ ከዋናው ጋር ይቀላቀላል። እስከዚህ ድረስ ገብቶኛል። ገመቹ ሊሙ ገነት ወርዶ መዝጋቢዎቹን ሲያሠለጥን ከሁለት ወር በላይ ስለቆየ ቅርንጫፉን የነካው አልነበረም። ኮምፒውተሩ ደግሞ ቫይረስ ገብቶበት በዚያው ሰሞን ፎርማት ተደርጓል። ስለዚህ ሥራው የነበረው ሁላችሁም በምትጋሩት ኮምፒውተር፣ በሰርቨሩ ላይ ብቻ ነው።

የዙህራ ኮምፒውተር ባረጁ ሥራዎች ዝርዝር ተጨናንቆ ነበርና አቶ ደበበ «መመሪያው ላይ እንዳለው አድርገሽ አጽጂው» አላት። መመሪያውን ገለጠች። «ኮምፒውተርዎን ስለማጽዳት» በሚለው ክፍል ሥር እንዲህ ይላል፦ «ከሁለት ወር በላይ ያልተነካ ሥራ ካለ የሰርቨር ቅርንጫፉን ያጥፉ።» ትእዛዙን ለማግኘት ወደ መጨረሻው ገጽ ሄደች። እዚያ ሁለት ትእዛዞች አሉ። የሁለቱም ርእስ «የሰርቨር ቅርንጫፍ ለማጥፋት» ነው። አንደኛው ከሰርቨሩ ላይ ከነሥሩ ይነቅላል። ሁለተኛው ከራስዋ ኮምፒውተር ላይ ማስታወሻውን ብቻ ያነሣል። ሁለት ትእዛዝ፣ አንድ ስም። የላይኛውን ወሰደች።

መጀመሪያ አልገባኝም። «ማስታወሻው ምንድን ነው?» አልኳት።

«በእርስዎ ሥራ ልንገርዎ ቲቸር» አለች። «ሪከርድ ቢሮ የክፍሉ ዋና ሮስተር አለ አይደል?»

«አለ።»

«ቤት ወስደው ማርክ የሚሞሉበት የራስዎ ወረቀትም አለ።»

«አለ።»

«ሮስተሩ ዓርብ ዕለት ምን ይመስል እንደነበር ለማስታወስ ደብተርዎ ላይ የገለበጡት ደግሞ አለ። እሱን ቀድደው ቢጥሉት ማንም አይጎዳም፤ ሰኞ ሄደው እንደገና ይገለብጡታል። እኔ ቀድጄ እንድጥል የተፈለገው ይህንን ነበር። መመሪያው ግን ደብተርዎ ላይ ያለውንም፣ ሪከርድ ቢሮ ያለውንም አንድ ስም ሰጥቷቸዋል። ማል ጎና ታዲያ፣ ምን ላድርግ? እኔ ያነበብኩትን ነው ያደረግሁት።»

ሠላሳ አራት ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ። ከዚህ የጠራ ማስረዳት ከተማሪ ሰምቼ አላውቅም።

በዚያው ቀን ደወልኩልህ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሰደብኩህ። አማርኛ እንዲህ ነው ወይ ያስተማርኩህ አልኩህ። ሁለት የተለያየ ነገር በአንድ ስም የሚጠራ ሰው ወይ ሰነፍ ነው ወይ አንባቢውን የናቀ ነው አልኩህ። መጨረሻ ላይ፣

«አባባ፣ እንግሊዝኛውም ያው ነው» አልክ። «ሥራችንን የምናስቀምጥበት ፕሮግራም፣ የጊት መመሪያ ራሱ የራስን፣ የሰርቨሩንና ማስታወሻውን፣ ሦስቱንም እያቀላቀለ ነው የሚጠራቸው። በየአገሩ ያለ ሰው እዚያ ላይ ይሰናከላል።»

«በየአገሩ ያለ ሰው እንደ ዙህራ ከሥራ ተባሯል ወይ?» አልኩህ።

«እሺ አባባ» አልክ።

ምኑ ነው እሺ? የጠየቅሁህ ጥያቄ ነበር።

በማግስቱ አወቱ መንደራ ወዳለው ቢሯችሁ ሄድኩ። አቶ ደበበም ተማሪዬ ነበር፤ ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ፤ ሻይ አዘዘልኝ። ነገሩን ስነግረው በትዕግሥት አዳመጠኝ።

«ጋሼ፣ ብትጠይቅ ኖሮ እኮ...» አለ።

«መመሪያው አዟት ምን ብላ ትጠይቅ?»

«መመሪያው የልጅዎ ሥራ ነው። ንጹሕ አማርኛ ነው። ሁላችንም አንብበነዋል፤ ከእሷ በቀር ማንም ምንም አላጠፋም።»

ንጹሕ አማርኛ ሲል አቃጠለኝ። ቤቴ ገብቼ የልብስ ሣጥኑ ላይ ያለውን ሻንጣ አወረድኩ። የመጀመሪያው ረቂቅህ እዚያ እንዳለ አውቃለሁ፤ ከማሳተምህ በፊት ቋንቋውን እንድመለከትልህ ሰጥተኸኝ፣ ከተጠቀምክበት በኋላ እዚያ አኑረኸው ነበር። ጥፋትህን በማስረጃ ይዤ ደበበ ጠረጴዛ ላይ ልዘረጋው አሰብኩ። የገዛ ልጄን ልከስ ማለት ነው። ያን ያህል ተናድጄ ነበር።

ረቂቁን ገለጥኩ። አንተ «የሰርቨር ቅርንጫፍ» ብለህ አልጻፍክም። «የሰርቨር ቅርንጫፍ መከታተያ ቅጂ» ብለህ ነው የጻፍከው። ቆጠርኩት፤ አሥራ ሰባት ቦታ። አሥራ ሰባቱም ላይ «መከታተያ ቅጂ» የሚለው በቀይ ተሰርዟል። ኅዳጉ ላይ «አላስፈላጊ ድግግሞሽ» ይላል። ሌላ ገጽ ላይ «ልጄ፣ ቃል አታባክን» ይላል። የመጨረሻው ገጽ ላይ የሁለቱ ትእዛዞች ርእስ የተለያየ ነበር፤ ረጅሙ ተቆርጦ ከአጭሩ ጋር ተስተካክሏል፤ ከጎኑም «አሁን አማረ» ተብሎ ተጽፏል። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሠላሳ አንደኛው ገጽ ላይ፣ ከቀዩ ሥር፣ በእርሳስ ተጽፎ በላጲስ የጠፋ መስመር አለ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዘንብዬ አነበብኩት። «አባባ፣ ይህ ከወጣ ትርጉሙ» ይላል። ከዚያ በኋላ የለም። ጀምረህ ተውከው። ተውከውና ደግሞ አጠፋኸው።

ሦስት ቀን ከማንም ጋር አልተነጋገርኩም። እናትህ «ጾሙ ገና አልገባ፣ ምነው ምግብ ዘጋህ?» አለችኝ። ምን ልበላት? ሃያ ደቂቃ ስሰድብህ ስልኩ አጠገብ ቁጭ ብላ ሰምታለች። በአራተኛው ቀን ነገርኳት። እናትህን ወርቅውሃን ታውቃታለህ፤ ነገር አታጋንንም። «ልጁ ፊትህን አይቶ አያውቅም፤ ቀይ የያዘውን እጅህን ብቻ ነው የሚያየው» አለችኝና ወደ ጓዳ ገባች።

ኅዳር 4 ቀን በሚኒባስ ወደ አሰንዳቦ ወጣሁ። ወቅቱ ስለሆነ እሸት ቡና የጫኑ አይሱዙዎች መንገዱን ሞልተውታል፤ ያንን ሁሉ ጭነት ጣቢያ ላይ የሚመዘግቡት ሰዎች የገመቹን ፕሮግራም እየጠበቁ እንደነበር አሰብኩና መስኮቱን ዘግቼ ተቀመጥኩ። የዙህራ እናት ወይዘሮ ዙቤይዳ ከመንገዱ ዳር ባለው ቤታቸው በር ላይ አገኙኝ። «ሴና፣ ሴና» እያሉ እጄን ይዘው አስገቡኝ። አማርኛቸው ትንሽ ነው። እኔም እዚህ አርባ ዓመት ተቀምጬ አፋን ኦሮሞዬ የገበያ ነው፤ ይህንንም ለራሴ ጻፍኩት እንጂ ላንተ አይደለም። ከተቀመጥኩ በኋላ አፍጥጠው አዩኝና፣

«ባርሲሳ፣ መምህር፣ ልጄ ምን ሰረቀ?» አሉኝ።

ጎረቤቱ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠይቃቸው። ልጅቷ ከመንግሥት ሥራ ካርቶን ታቅፋ የተመለሰችው ሰርቃ ካልሆነ በምን ነው ይላል። «ሰረቀች» ነው የሚባለው ብዬ ለማረም አፌ አልተንቀሳቀሰም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል።

«ልጅዎ ምንም አልሰረቀችም። ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳቸው። ዙህራ አጠገባቸው ቆማ በአፋን ኦሮሞ መለሰችላቸው፤ ግን የእኔ ነው የሚለውን አልተረጐመችውም። ያን ያህል አፋን ኦሮሞ አውቃለሁ።

ወደ ጓሮ ወጣን። ረቂቁን ከቦርሳዬ አውጥቼ ዘረጋሁላት። አላየችውም።

«አውቃለሁ ቲቸር» አለች።

«ምኑን?»

«ዳግማዊ ነግሮኛል። እርስዎ ቤት በመጣሁ ማግስት ደወለልኝ። መጀመሪያ የጻፈውን አነበበልኝ።»

«ምን አለሽ?»

መሬት መሬት አየች። ልጄ፣ የተናገረችውን ሳላሳምር እጽፍልሃለሁ፤ ይህን ነው ያለችኝ፦ «ጥፋቱ የእኔ ነው አለ፣ አይቼ መቃወም ነበረብኝ አለ። ግን የአባቴን ስም ይግባኝ ሰሚ ኮሚቴ ፊት አታንሺ፤ ሽማግሌ ነው፤ ከሰማ ይሰበራል። አንቺ ወጣት ነሽ፣ አዲስ አበባ ሥራ እኔ አገኝልሻለሁ አለኝ። እሺ አልኩት። ወላሂ ቲቸር፣ እኔም እርስዎን ኮሚቴ ፊት ማቆም አልፈለግሁም። ይግባኝ ያልጠየቅሁት ለዚያ ነው።»

አሁን አንብበኝ ዳግማዊ። ስለ ቅርንጫፉ የተናደድኩትን ተወው፤ እዚያ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሃያ ደቂቃ የሰደብኩህንም ስድብ በአደባባይ አነሣዋለሁ። ንዴቴ ይህኛው ላይ ነው። አንዲት የሃያ አራት ዓመት ልጅ ስሟን አሳልፋ እንድትሰጥ የጠየቅሃት አንተ ነህ። ለምን? ለእኔ ክብር። እናቷ በር ላይ ቆመው ልጄ ምን ሰረቀ እያሉ ሲጠይቁ፣ እኔ እዚህ በረንዳ ላይ ጋሼ እየተባልኩ ጋዜጣ ላነብ ነው። ይህን ዓይነት ክብር መቼ ጠየቅሁህ? ይሰበራል አልክ። እኔ ሸክላ ነኝ? ወይስ አባትህን እውነት ነግረኸው ስለማታውቅ፣ ቢነገረው ምን እንደሚሆን ስለማታውቅ ነው?

ሥራ አገኝላታለሁ ማለትህ ደግሞ ከሁሉ ባሰብኝ። አዲስ አበባ ሥራ አልጠየቀችህም። የነበራትን ሥራ ነው የወሰድንባት፣ አንተና እኔ፣ እኔ በቀይ እስክሪብቶ፣ አንተ በዝምታ።

ይግባኙን አስጠየቅኋት። ኅዳር 9 ቀን ኮሚቴው ተቀመጠ፤ እኔም ገባሁ። አምስት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱ ያስተማርኳቸው። ረቂቁን ከታተመው ጎን አስቀምጬ፣ ልጄ ይህን ጻፈ፣ እኔ ይህን ሰረዝኩ፣ ዙህራ የታተመውን አነበበች፣ የታዘዘችውን አደረገች አልኳቸው። ተራ በተራ አዩት። ከዚያ አንዱ ፈገግ አለ።

«ጋሼ እኮ ለተማሪዎቻቸው መቼም አይጨክኑም» አለ።

«ስለ ጭካኔ አልተናገርኩም። የተጻፈውን እያሳየኋችሁ ነው።»

«ገብቶናል ጋሼ» አለ ደበበ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በሽተኛ እንደሚያባብል ሰው። «እርስዎን የሚጠይቅ የለም። እርስዎ ቋንቋውን ነው ያሳመሩት። ቴክኒኩን ማወቅ የነበረባት እሷ ናት።»

«ቋንቋው እኮ ነው ቴክኒኩ። ስሙን ካጠፋሁት ነገሩን በምን ትለየው?»

ለሽበቴ ብድግ ብለው በሩን ከፈቱልኝ። ውጭ አስጠብቀውን ውሳኔውን አነበቡልን፦ ስንብቱ ተነሥቶ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይለወጥ፤ «በቸልተኝነት» የሚለው በግል ማኅደሯ ይቀመጥ፤ የመመሪያው አዘጋጅ ስሕተቱ የመመሪያው መሆኑን በፊርማው ካላረጋገጠ በቀር አይነሣም። ስንወጣ ደበበ እጄን ጨብጦ «ለእርስዎ ስንል ነው እንግዲህ» አለኝ። ለእውነት ስንል አላለም። ለእኔ ሲል ነው የማራት። ዕድሜ ልኬን አክብሩኝ እያልኩ ያሳደግኋቸው ሰዎች አከበሩኝ፤ ትርፉ ይህ ሆነ።

ዙህራ ማስጠንቀቂያውን አልፈርምም አለች። «ቸልተኝነት የሚለው ካልወጣ አልመለስም ቲቸር። ሌላ ቦታ ስቀጠር ማኅደሬ ይከተለኛል።» ዐይኔን እያየች ነው የተናገረችው። እሷም ድሮ እንደዚያ አታየኝም ነበር።

ስለ ገመቹም ልንገርህ። መጀመሪያ ዙህራን ሰላም አይላትም ነበር። ከኮሚቴው በኋላ ነገሩን ሰምቶ ቤት መጣ። እናትህ ወንበር ብትሰጠው አልቀመጥም አለ። ቆሞ፣

«ጋሼ፣ ምንም አይደለም ልልዎት አልመጣሁም» አለኝ። «አምስት ወር ነው። ሊሙ ሆኜ ማታ ማታ በባትሪ የሠራሁት ነው። እርስዎ የማያውቁትን ነገር በማያውቁት ቦታ ሰረዙ። ለምን ዳግማዊን አልጠየቁትም? ተናድጃለሁ።»

«ልክ ነህ» አልኩት። «አጥፍቻለሁ።»

ትንሽ ቆመና ተቀመጠ። እናትህ ምሳ አቀረበች፤ ሁለታችንም በላን። ከጥቅምት 24 ወዲህ ምግብ የጣመኝ ያን ቀን ነው። አንድ ሰው አጥፍተሃል ስላለኝ ነው የጣመኝ፤ ሌላ ምክንያት አላገኘሁለትም።

አሁን ገመቹ ሥራውን ከመጀመሪያው ይዞታል። ሊሙ ያሠለጠናቸው መዝጋቢዎች ቃላቱን ደብተራቸው ላይ ጽፈው ስለነበር በስልክ ያነቡለታል። ለዘንድሮ ቡና ግን አይደርስም፤ ዘንድሮ በወረቀት ነው የሚመዘግቡት።

ከአሰንዳቦ ዙህራን አስመጥቼ እኔና እሷ ያንን ክፍል እንደገና ጽፈነዋል። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ። «መከታተያ ቅጂ» ያልከው ትርጉሙ ትክክል ነው፤ ቃሉ ግን ከባድ ነው። እሷ ያን ቀን ሮስተሩን ስታስረዳኝ ገለበጡት ብላ ነበር፤ ቃሉ ከዚያ መጣ፤ ግልባጭ። የራስዎ ቅርንጫፍ፣ የሰርቨሩ ቅርንጫፍ፣ የሰርቨሩ ቅርንጫፍ ግልባጭ። ግልባጩ ያለው በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ሰርቨሩ ለመጨረሻ ጊዜ ሲጠየቅ ምን ይመስል እንደነበር ከማስታወስ በቀር ሥራ የለውም። አሥራ ሰባት ቦታ ይደገማል፤ ይደገም። እኔ አራተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ «ግልባጩን ወይም ቅርንጫፉን» ብዬ ነበር፤ ዙህራ እስክሪብቶውን ከእጄ ወስዳ «ወይም የለም ቲቸር፤ አንዱን ይምረጡ» ብላ ሰረዘችው። ዝም አልኩ። ዝም ማለት ከብዶኝ ነበር፤ ይህንንም እወቅልኝ።

ከአንተ የምፈልገው ይህ ነው። ኮሚቴው ኅዳር 30 ቀን ድጋሚ ይቀመጣል። መመሪያውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ የሰርቨሩን ቅርንጫፍና ግልባጩን በአንድ ስም የሚጠራው መመሪያው ነው፤ ረቂቄ ትክክል ነበር፤ አባቴ ገብረሥላሴ ቃሉን ሲያወጣ ትርጉሙ እንደሚጠፋ አይቼ ዝም ብያለሁ፤ ዙህራ የተጻፈውን ነው ያደረገችው ብለህ ጻፍና ፈርመህ ላክ። ስሜን አትዝለለው። ከአምስት ሰው ፊት ራሴ ተናግሬዋለሁ፤ የምትሸፍነው ነገር አልቀረም። ስሜ ከሌለበት ደብዳቤውን አልሰጣቸውም፤ እዚያው ፊት ለፊትህ እንዳለሁ ቁጠረውና ጻፍ።

ለዙህራም ደውልላት። ሥራ አገኘሁልሽ አትበላት። በድዬሻለሁ በላት። ለእናቷም በራሳቸው ቋንቋ ንገራቸው፤ አንተ ጅማ ተወልደህ አድገህ አፋን ኦሮሞ ከእኔ ይበልጥ ታውቃለህ፤ ልጅዎ አልሰረቀችም በላቸው፤ ከእኔ አፍ አልገባቸውም መሰለኝ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ሠላሳ አንደኛውን ገጽ ካገኘሁ ወዲህ ስድስተኛ ክፍል ሳለህ ስለ ዝናብ የጻፍከው ድርሰት ትዝ እያለኝ ነው። አምጥተህ ጭኔ ላይ አስቀመጥከው። መልሼ ስሰጥህ ከሰማያዊው ይልቅ ቀዩ ይበዛ ነበር። አጣጥፈህ ኪስህ ውስጥ ከተትከውና «እሺ አባባ» አልክ። ከዚያ ወዲህ ያንን መመሪያ እስክትሰጠኝ ድረስ የጻፍከውን አንድ ነገር አላሳየኸኝም። ሃያ ዓመት መሆኑ ነው። መመሪያውን ስትሰጠኝ ደስ ብሎኝ ስለነበር ይመስለኛል እንደዚያ አጥብቄ ያረምኩት። እናትህ ስልኩን ይዛ ከአንተ ጋር ስትስቅ ከጓዳ እሰማለሁ፤ እኔ ስቀበላት ሳቁ ያልቃል። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ደውልና ከሰላምታ በፊት «አባባ፣ ተሳስተዋል» በለኝ። በምን እንደተሳሳትኩ አንድ በአንድ ንገረኝ፤ የዙህራን ብቻ አይደለም፤ ያለህን ሁሉ። ልቆጣ እችላለሁ። ብቆጣም ስልኩን አትዝጋ።

ከክፉ ሰውና ከድንገተኛ በሽታ ያውጣህ። በሰው አገር የሰው ፊት አያሳይህ። እግዚአብሔር ልጅ ይስጥህ፤ ስትሳሳት አይቶ ዝም የማይልህ ልጅ።

አባትህ
ገብረሥላሴ